ባኮ ላይ አልራብም ያለው መደብ

ከባኮ ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የብሎካችን ሰዎች ግን ዛሬም ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «አምቦ ሄደሽ ውሃ እንኳ ሳታመጪልን!» ይሉኛል። አምጥቼ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ሳልደርስ አለቀ እንጂ። ደግሞም የሄድኩት አምቦ ብቻ አይደለም፣ ባኮ ድረስ ነው። «ባኮ የት ነው?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ፤ ልትሄዱም አታስቡም። ስለዚህ ያየሁትን እዚሁ ሶፋችሁ ላይ ሆናችሁ አንብቡት። ለመጻፍ ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱን በቦታው እናገራለሁ።

ሥራዬን ታውቃላችሁ። አፈርና ሰብል የሚያጠና አንድ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ መጽሔት አዘጋጃለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ አፈር ስጽፍ፣ በእጄ የነካሁት አፈር በረንዳዬ ላይ ባለው የጤና አዳም ጣሳ ውስጥ ያለውን ብቻ ነበር። በጥቅምት መባቻ ኃላፊያችን ጠሩኝና «ወይዘሮ የሺ፣ ባኮ ላይ የመስክ ቀን አለን፤ መጥተው አይተው ይጻፉ» አሉኝ። የመስክ ቀን ማለት፣ ለማታውቁት፣ በገበሬው ማሳ ላይ ድንኳን ተተክሎ ለገበሬው ስለ ገዛ ማሳው ንግግር የሚደረግበት በዓል ነው። ኮፍያ ይታደላል፣ ምሳ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል።

ማክሰኞ

«አስራ ሁለት ሰዓት፣ ሳይሸራረፍ» ተባልን። በአስራ ሁለት ሰዓት የተገኘነው እኔና ሾፌሩ ጋሽ ታደለ ብቻ ነን። ኃላፊያችን፣ እኛ ዶክተር የምንላቸው፣ በሦስት ሰዓት ደረሱ። የዘገዩት ባነሩ እንደገና እስኪታተም ነው፤ በመጀመሪያው ላይ ስማቸው «አፈር» ከሚለው ቃል አንሶ ወጥቶ ኖሯል። አዲሱ ባነር ተጠቅልሎ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ መስታወት ተጋደመ። አንገቴን ወደ ግራ አዘንብዬ ከአዲስ አበባ የወጣሁት በእሱ የተነሳ ነው፤ አምቦ ስደርስም አንገቴ አልተመለሰም።

ከሆለታ ወዲያ ሜዳው ይከፈታል። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ነፋስ ሲነካው ይተኛና ይነሳል። የእኔ መስኮት የሚያየው የፊት ለፊቷን ጎረቤቴን ልብስ ስለሆነ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዶክተሩ ስልካቸው ላይ ያንኑ ሜዳ በፎቶ ያሳዩኝ ነበር።

ጊንጪ ላይ ሌንሳ ተቀላቀለችን። ሌንሳ የፕሮጀክቱ ተመራማሪ ናት፤ ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ያለበት ልጅ። ቅዳሜና እሁድን እናቷ ቤት አሳልፋ ነው የጠበቀችን። እናቷ ከደጅ ቆመው «አካም ጅርቱ! ግቡ፣ ግቡ! እህል ሳይቀምስ በጊንጪ የሚያልፍ ማነው?» አሉ። ዶክተሩ «እጅግ እንቸኩላለን» አሉ፤ ወዲያው በቅቤ ያበደውን የገብስ ጭኮ አዩና ከሁላችን ቀድመው ወረዱ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቸኮልን።

ከዚያ ወዲያ ሌንሳ በመንገድ ላይ ሥራዋን አስረዳችኝ። የባኮ ዙሪያ አፈር ኮምጣጣ ነው፣ ሰብል ይከለክላል። እሷ እዚያ በአንድ ገበሬ፣ በኦቦ ዲንቃ፣ ማሳ ላይ ሦስት መደብ በቆሎ አላት። አንደኛው ኮምጣጣነቱን የሚያበርድ ኖራና ማዳበሪያ ያገኛል፣ ሁለተኛው ማዳበሪያ ብቻ፣ ሦስተኛው ምንም።

«ምንም?» አልኳት።

«ምንም፣ እትዬ የሺ። እሱ ካልተራበ የሌሎቹን ጥጋብ በምን እንለካለን?»

ዘንድሮ ሦስተኛና የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ውጤቱ በደህና ከተሰበሰበ ዶክትሬቷን ትጨርሳለች። ከተበላሸ ግን ፕሮጀክቱ በሰኔ ይዘጋልና ሌላ ዓመት የሚሰጣት የለም። ከሐምሌ ጀምሮ አዲስ አበባ ትምህርት ላይ ስለነበረች ማሳውን አላየችውም። የቀበሌው ልማት ሠራተኛ ግን በስልክ በጠየቀችው ቁጥር «ሁሉ ሰላም ነው» ይላታል።

አምቦ ያደርንበት ሆቴል ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ አልጋው ሰፊ ነው፣ ቧንቧው ግን ደርቋል። ውሃዋን አገር በሚጠጣላት ከተማ እኔ በሳሙና አረፋ ዓይኔን ጨፍኜ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። አስተናጋጇ ሮጣ መጣች። «ይቅርታ የኔ እናት፣ የቧንቧው ጠፍቷል፤ የጠርሙሱ ግን ሞልቷል» ብላ ስድስት ጠርሙስ ይዛ ተመለሰችና እየከፈተች ታፈስልኝ ጀመር። ፊቴ እንደ ለስላሳ መጠጥ ቸስ አለ። ሳሙናው ከጸጉሬ አልለቅ ብሎኝ እንደ ሙጫ ተጣብቆ አደረ። የእኛ ብሎክ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን ይዤ አራት ፎቅ ስወጣ «ላግዝሽ» ያለኝ ማን እንደሆነ አስታውሱኝ እስቲ።

ረቡዕ

ከአምቦ ወደ ጉደር፣ ከጉደር ወደ ጌዶ መንገዱ ይወጣል። ጌዶ ላይ ብርዱ ሹራብ ያስለብሳል። ጥቂት እንዳለፍን ጎማ ተነፈሰ፣ ዝናብም ጀመረ። ጋሽ ታደለ ክሪኩን ለማስገባት ጭቃው ላይ መተኛት ነበረባቸው። የሚያነጥፉት ፈለጉ። ሁላችንም ወደ አንድ ነገር አየን።

«እሱን እንዳትነኩ!» አሉ ዶክተሩ።

«እንግዲያው ጃኬትዎን ይስጡኝ» አሉ ጋሽ ታደለ።

ባነሩ ተነጠፈ። ጋሽ ታደለ በጀርባቸው የተኙት ልክ በዶክተሩ ስም ላይ ነበር። ሆን ብለው ነው አልልም፣ ባነሩን ሲዘረጉ ግን ጊዜ ወስደው አይቻለሁ።

እኛ በመንገድ ዳር ካለች አንዲት በቆሎ ጠባሽ ሴት ላስቲክ ሥር ተጠለልን። ሴትየዋ ለሁላችንም የሚቀመጡበትን ፈልጋ፣ ለእኔ የራሷን ዱካ ለቅቃ፣ ትኩስ እሸት አደለችን። ልንከፍል ብንል «ዝናብ ያስገባው ሰው እንግዳ ነው» አለችና እጃችንን መለሰች። ቀጥላም «ወዴት ናችሁ?» ስትል ጠየቀች።

«ባኮ፤ በቆሎ ልናሳይ ነው» አሉ ዶክተሩ።

«ለማን?»

«ለገበሬዎች።»

ሴትየዋ በእጇ የያዘችውን እሸት አገላብጣ አየችው። «አይተውት አያውቁም?» አለች። እውነት ለማወቅ ነው የጠየቀችው።

ባኮ ስንወርድ ሹራቡ ወለቀ። አገሩ ሞቃት ነው፣ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ሌሊትና ቀን ያልፍበታል። ያደርንበት ቤት ባለቤት «ለእርስዎ የተሻለው አጎበር ይሁን» ብለው አንድ ቀዳዳ ያለውን ሰጡኝ፤ የሌላው ሦስት ነው። ቀዳዳውን በካልሲ ወትፌ ተኛሁ።

ሐሙስ

የኦቦ ዲንቃ ማሳ ከዋናው መንገድ ግማሽ ሰዓት ገባ ይላል፣ ቅዳሜ ገበያተኛው የሚያልፍበት የእግር መንገድ ዳር። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ኮፍያ ታድሏል። ኮፍያው ላይ «ጤናማ አፈር ለጤናማ ትውልድ» ይላል፤ ለትልቅ ሰው ጭንቅላት ግን አይገባም፣ ለጤናማው ትውልድ ልጆች የተሰፋ ይመስላል። ሽማግሌዎቹ አናታቸው ላይ አስቀምጠውት እንዳይወድቅ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ባነሩ ታጥቦ ተሰቅሏል፣ የዶክተሩ ስም ብቻ ትንሽ ቡናማ ነው።

መደቦቹ ላይ ስማቸውን የሚናገር ነገር የለም። ሳይንስ ምስጢር ይወዳል መሰለኝ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል ትንንሽ ችካል ብቻ ነው ያለው፣ እሱንም ሣር ውጦታል። ዶክተሩ ከመኪና ወርደው በቀጥታ ወደ መንገድ ዳሩ መደብ ሄዱ። ለምን ወደዚያ እንደሄዱ ዓይን ያለው ይፈርዳል። በቆሎው ከእሳቸው ከነኮፍያቸው ይረዝማል፣ አገዳው ወፍራም ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት አፍርቷል።

ሌንሳ ባለችበት ቀረች። ከዳር ጀምራ በጣቷ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ።

«እትዬ የሺ፣ ያ እኮ የተራበው ነው።»

ዶክተሩ አንድ በቆሎ በእጃቸው አቅፈው ንግግር ጀምረዋል። «ውድ አርሶ አደሮቻችን! ሳይንስ ማለት ይህ ነው! ሞቷል የተባለ አፈር በኖራ ነፍስ ዘራ!» የገበሬዎቹ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን ሲያፍን ኮፍያው ወደቀ። ዶክተሩ ስሜት የነካቸው መሰላቸውና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ኦቦ ዲንቃ፣ እስቲ ለእንግዶቻችን ይንገሩልን፤ ኖራው ምን አደረገልዎት?»

ኦቦ ዲንቃ ረጋ ያሉ፣ እንግዳ ማሳፈር የማይወዱ ሰው ናቸው። ፎጣቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኖራው ጥሩ ነው፣ ገለቶማ» ብለው አመሰገኑ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ማዶው መደብ ዘረጉ። «እዚያ ነው ያለው።»

ድንኳኑ በሳቅ ሊነቀል ደረሰ። ዶክተሩ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። «አያችሁ?» አሉ፣ «ጥቅሙ ጎረቤት መደብ ድረስ ተሻግሯል!» ብለው ራሳቸው ጭብጨባ አስጀመሩ። ከቢሮ የመጣን ሁሉ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ፎቶም አንስቻለሁ፤ እጄ ለምዶበታል።

ከምሳ በፊት ሌንሳ የኦቦ ዲንቃን ባለቤት አዴ ጫልቱን ጓሮ አገኘቻቸው። ተከተልኳት። በኦሮምኛ ጀመሩ፣ እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ መለሱት።

«አዴ፣ ምን ሰጣችሁት?»

«ምንም። ምንም አትስጡት ብለሽ የለም እንዴ?»

«ታዲያ ይህ ከየት መጣ?»

«ከብቶቹ ናቸው የሰጡት» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ወጡን እያማሰሉ።

እዚያ አገር ደላ የሚሉት ነገር አለ። ከብት የሚያድርበት አጥር ነው፤ የእኛ አገር በረት አንድ ቦታ ተተክሎ ይቀራል፣ ደላ ግን ይነሳል። ጥቂት ሌሊት እዚህ ካደረ በኋላ ተነቅሎ ትንሽ ራቅ ብሎ ይተከላል፤ እንዲህ እየዞረ ማሳውን ሁሉ በፋንድያና በሽንት ያጠግበዋል። ከአባት ከአያት የመጣ ነው። በበጋው ደላው መጥቶ የሌንሳ መደብ ላይ ሰፈረ፣ ከሌላው ቦታ ሁሉ በላይም ሰነበተ። ከዚያ ሌንሳ ለዘር ሳትመጣ ታረሰ፣ ተዘራም፣ ለእሷ የነገራት የለም።

«ሁለት ዓመት ቻልን፣ ልጄ» አሉ አዴ ጫልቱ። «ገበያ የሚሄደው ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው። ዲንቃ ደከመ፣ መሬቱን ጣለ አሉ። አምና ወንድሜ ምን አደረገ መሰለሽ? ቸገራቸው ብሎ በአህያ እህል ጭኖ መጣ! ለእኛ! እህል ተላከልን እኮ!» ማማሰያውን አስቀመጡ። «ደግሞ አጠገቡ ያለው እየበላ እሱ ጦሙን ይደር ማለት ነውር ነው። አንቺም ትልልቅ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ አልሽ። የከሳ መሬት አሳይተን ልናሳፍርሽ ነው?»

ሌንሳ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። አዴ ጫልቱ ደንግጠው በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላት፤ ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም፣ እሷም ልትነግራቸው አልቻለችም። ለእሷ ክብር ብለው ነው ሦስት ዓመቷን የበሉባት። ለምሳ ሁለት በግ ታርዶ ነበር፣ እኔ የቀመስኩትን አላስታውስም።

ራት ላይ፣ ባኮ ከተማ፣ ነገሩ ፍርጥ ብሎ ወጣ። ሌንሳ ሁሉንም ለዶክተሩ ነገረቻቸው።

«በቆሎ በቆሎ ነው» አሉ ዶክተሩ አጥንት እየጋጡ። «የመደቡን ቁጥር አዛውሪውና ጨርሺ። ሦስተኛውን አንደኛ በይው። ማን ያውቃል?»

«ያላወቀ የለም እኮ፣ ዶክተር። ገበሬው ሁሉ ያውቃል። የማናውቀው እኛ ብቻ ነበርን።»

«ገበሬ ሪፖርት አያነብም።»

«የዘንድሮው አይቆጠርም ብዬ ነው የምጽፈው» አለች ሌንሳ። «ያሸነፈን ደላው ነው፣ እሱንም በወጉ መለካት አለብን ብዬ እጨምራለሁ።»

ዶክተሩ እጃቸውን በሶፍት ጠረጉ። «እንግዲያው ከሰኔ በኋላ ራስሽን ቻዪ» አሉና ሻይ አዘዙ። ጋሽ ታደለ ሳህናቸውን ትተው ወጡ። እኔ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ።

ዓርብ

ማለዳ ሌንሳ መኪናው ጋ አልመጣችም። ሜትር ይዛ ወደ ማሳው ተመልሳለች ተባልን። ዶክተሩ «እንሂድ» አሉና ከኢጃጂ እስከ ጉደር እንቅልፋቸውን ለጠጡ። ባነሩ ጣሪያ ላይ ስለታሰረ አንገቴ ቀና ብሏል፣ የማየው ግን አልነበረኝም።

ጊንጪ የሌንሳ እናት መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። በመስኮቱ አጎንብሰው አንድ በአንድ አዩን።

«ልጄስ?»

«ባኮ ቀረች፣ ሥራ አላለቀላትም» አልኳቸው።

«አሟት ነው?»

«አይ፣ ደህና ናት።»

ጾም ስለሆነ ቆሎ ነው ያዘጋጁልን። ለሌንሳ የቋጠሩላትንም ጨምረው «መንገድ ላይ ብሉት» ብለው ሰጡን። ያን ቆሎ እስከ ሆለታ ድረስ አላመጥኩ፣ ዶክተሩም እጃቸውን እየሰደዱ ወሰዱ።

አሁን ያልኳችሁ ሌላው ምክንያት ላይ ደረስን። ቢሮ ገብቼ ያየሁትን ጻፍኩ፤ ደላውን፣ በአህያ የመጣውን እህል፣ ሁሉንም። ዶክተሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። በቦታው የገባው «ኖራ የባኮን ገበሬ ሕይወት ለወጠ» የሚለው ነው፣ እኔ ያልጻፍኩት። ከበላዩ እሳቸው በቆሎ አቅፈው ያሉበት ፎቶ ወጣ። ከሥሩ ስሜ አለ። ስሜን አውጡልኝ ማለት ይቻል ነበር፤ አላልኩም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ የእኔ ግን በወሩ ነቀዘ፣ በየገጹ ዱቄት ሲወጣ ይታየኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉትም ቢሮ ሠርተው አያውቁም። የእኛ ውሸት እያደር ፍሬም ተገጠመለትና መግቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ እንግዳ ሁሉ ቆሞ ያደንቀዋል። አፍሬያለሁ፣ ጎረቤቶቼ። ፎቶውን ያሳየኋችሁና «የሺ ጎበዝ!» ያላችሁኝ ካላችሁ ሙገሳችሁን መልሳችሁ ውሰዱ።

በሰኔ ፕሮጀክቱ በኬክ ተዘጋ። ነሐሴ ላይ ሌንሳ ደወለችልኝ። ባኮ ክፍል ተከራይታ፣ ለተማሪዎች ሒሳብ እያስጠናች ትኖራለች። ኦቦ ዲንቃ መሬቱን እንደገና ሰጥተዋታል። አሁን መደቡ አራት ነው፣ አራተኛው የደላው ነው። የሚራበውን መደብ ግን አዴ ጫልቱ እምቢ ብለው አስቸግረዋት ነበር።

«በስንት ልመና ተስማሙ» አለችኝ። «ታፔላ ካቆምሽ ብቻ አሉኝ። ለገበያተኛው በሚታይ ቦታ፣ በኦሮምኛ፣ በትልቁ።»

«ምን የሚል?»

«'ይህ የዲንቃ ስንፍና አይደለም። ያስራበችው ሌንሳ ናት' የሚል።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ቆሞ እያነበበ ይስቅባታል። አንዲት አሮጊት «ምን አደረገሽ ይህ መሬት?» ብለው በዱላቸው ሊመቷት ቃጥተዋል። የአዴ ጫልቱ ወንድም በየሳምንቱ እየመጣ ታፔላው አለመውደቁን ያያል።

«የተራበው በቆሎስ?» አልኳት።

«ቢጫ ሆኗል፣ እትዬ የሺ፤ ከጉልበቴ አላለፈም» አለችኝ። እንዲህ ደስ ብሏት ሰምቻት አላውቅም።